የጎንደር የማታ ጉብኝት፦ መንፈስ ፍለጋ ወጥቼ ዘበኛ አገኘሁ

የቀሃ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

ባለፈው ሳምንት እናቴን ልጠይቅ ጎንደር ገባሁ። ቅዳሜ ማታ የአክስቴ ልጅ "መንፈስ የሚያስጎበኝ ልጅ አለ፤ እንሂድ" አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ የምሩን ነው። ውጭ አገር እንደሚደረገው፣ ሲመሽ ሰው ሰብስቦ በፋሲል ግንብ ዙሪያ እያዞረ የሙታን ታሪክ የሚተርክ ልጅ ተነስቷል። ጎንደር ተወልጄ አድጌ መንፈስ ለማየት ብር ልከፍል ነው? ከፈልኩ።

የተቀጣጠርነው 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጃንተከል ዋርካው ሥር ነው። ዘጠኝ ሆንን። ከባሕር ዳር የመጡ ሙሽሮች አሉ፣ አንዲት መምህርት አለች፣ የቀረነው የከተማው ሰው ነን። አስጎብኚው ጥቁር ካባ ደርቦ፣ ፋኖስ ይዞ ከተፍ አለ። ካባው የምረቃ ጋዋን መሆኑ ያስታውቃል፤ ወርቃማ ጥለቱ እንኳ አልተፈታም። ልጁ ግን አፈ ጮሌ ነው። ዋርካው ሥር ስለተሰቀሉት ሰዎች ገና ሲጀምር ሙሽራዋ የባሏን ክንድ ይዛለች።

ግቢው ማታ ዝግ ስለሆነ ውስጥ አይገባም። የሚኬደው በውጭ፣ አጥሩን ተከትሎ ነው። አጥሩ ዙሪያውን 900 ሜትር ገደማ ነው ይላሉ። በየበሩ እየቆመ ሲያወራ ግን ሁለት ሰዓት ፈጀ። ፊት በር፣ ወንበር በር፣ እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር... በልጅነቴ ኳስ ስናንከባልልበት የኖርነውን አጥር ስም ስንቱን ረስቼው ኖሯል! አደናግር በር ስንደርስ ሙሽራው "ማንን ነው የሚያደናግረው?" አለ። የጥጥ ፈታዮቹ በር መሆኑን መምህርቷ ነገረችው።

ዋናው ነገር የሆነው ተዝካሮ በር ላይ ነው። የተዝካር በር ማለት ነው። ልጁ ፋኖሱን አጠፋ። "የስልካችሁንም መብራት አጥፉ" አለን። አጠፋን። ከሩቅ ውሻ ይጮሃል። ከግድግዳው የእርጥብ ድንጋይ ሽታ ይመጣል። "በዚህ በር ለሞቱት ድግስ የሚያስገቡት..." እያለ ድምፁን ዝቅ አደረገ። በዚህ መሃል ከግንቡ ሥር አንድ ነጭ ነገር ቀስ ብሎ ቀና አለ። ሙሽራዋ ጮኸች። እኔም እውነቱን ለመናገር ጮኼያለሁ፤ የአክስቴ ልጅ እስካሁን ይስቅብኛል። ነጩ ነገር ሁለት ጊዜ አሳለ። ከዚያ ጋቢውን ከአፉ ገለጥ አደረገና "ልጆች፣ ሰዓት ስንት ነው?" አለ። ዘበኛው ናቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እያንቀላፉ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ተስማምቶኛል። ያልተዋጠልኝ መጨረሻው ነው። ልጁ ፊት በር መልሶ አመጣንና "የነጭ ለባሿ ልዕልት" ታሪክ ነገረን። ከአንድ ፖርቱጋላዊ ግንበኛ ጋር ፍቅር ይዟት፣ አባቷ ሲከለክላት ከፋሲል ግንብ ራሷን ወረወረች። እስከ ዛሬ ዓርብ ዓርብ ማታ ሰገነቱ ላይ ትታያለች። ሙሽሮቹ አለቀሱ ማለት ይቻላል። እኔ ግን በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። የጎንደር ልጆች፣ ይህችን ልዕልት የምታውቋት አላችሁ? ወይስ ከፊልም የመጣች ናት?

---

አራዳ ሰፈር

ልዕልቷ አዲስ ገቢ ናት። በእኛ ጊዜ አልነበረችም።

---

ፊደል ቆጣሪ

ፖርቱጋላዊ ግንበኛ? አፄ ፋሲል እኮ እ.ኤ.አ. በ1632 ነግሠው መጀመሪያ ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ አባታቸው ያቀረቧቸውን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን፣ ፖርቱጋሎቹን ጭምር፣ ማባረር ነው። ጎንደርን ዋና ከተማ ያደረጉት ከዚያ በኋላ፣ በ1636 ነው። ልጃቸው ፖርቱጋላዊ ብትወድ ኖሮ ከሰገነት እስክትዘል ማንም የሚጠብቃት አይመስለኝም።

ሲመቸኝ ተመልሼ እጽፋለሁ። አሁን ፈተና እያረምኩ ነው።

---

ደብተራው

ወንድሜ፣ በእኛ እምነት የሞተ ሰው ነፍስ ግንብ ለግንብ አትዞርም። ነፍስ ወደ ፈጣሪዋ ትሄዳለች፤ እየመሰለ የሚታየው ካለም ጋኔን ነው። ለጋኔን ደግሞ ትኬት ተቆርጦ አይኬድም።

ደግሞስ ይዞራሉ ቢባል እንኳ የትኞቹ ነገሥታት ናቸው ግቢው ውስጥ የሚዞሩት? የአፄ ፋሲል አጽም ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ ነው ያለው። አድያም ሰገድ ኢያሱም እዚያው ጣና፣ ምጽርሃ ደሴት ናቸው። ዓርብ ዓርብ ሊታዩ ከሆነ ታንኳ ተሳፍረው፣ ከዚያ መኪና ይዘው መምጣት ሊኖርባቸው ነው።

---

አራዳ ሰፈር

ከባሕር ዳር በሚኒባስ "ሁለት ሰው የቀረው ጎንደር!" ሲሉ አፄ ፋሲል ከኋላ ወንበር ታዩኝ።

---

ማራኪ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬ 70ን አልፏል፤ የማውቀውን ልንገራችሁ። እኛ ስናድግ በጎንደር የሚፈራው ሌሊቱ አልነበረም። ቀትር ነው። እናቴ ነፍሷን ይማርና "በቀትር ወንዝ አትውረድ፣ በቀትር ዋርካ ሥር አትተኛ" ነበር የምትለኝ። ቀሃ ወንዝ ልብስ ልታጥብ የሄደች ልጅ ታማ ከመጣች "በቀትር ወርዳ ነው" ይባላል። ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ ጥላህ እግርህ ሥር ሲገባ፣ ያኔ ነው ነገር የሚኖረው። ስለዚህ ያ ልጅ ከሰዓቱም ተሳስቷል።

ማታ የሚፈራው አያ ጅቦ ነው። መንፈስ አይደለም፤ በእግሩ የሚሄድ፣ የሚነክስ። ማታ ወደ ደጅ የሚወጣ ሰው ችቦ ሳይዝ አይወጣም ነበር።

---

ስደተኛው

ጋሼ ማራኪ ስለ ጅብ ሲያነሱ አላስችል አለኝ። እኔ የምኖረው ስኮትላንድ ኤደንብራ ነው። እዚህ የመንፈስ ጉብኝት እንጀራ ነው። በየማታው በየመንገዱ ጥቁር ካባ የለበሰ ሰው ሃያ ሰው አስከትሎ ታያለህ። አንዱ ከትልቁ ድልድይ ሥር ወዳሉት የድንጋይ ጓዳዎች ያስገባል። ሌላው ግሬይፍራያርስ ወደሚባለው መቃብር ይወስዳል። እዚያ አንድ የተቆለፈ ክፍል አለ፤ ያለ አስጎብኚ አይገባም።

እኔ የሄድኩት ወደ መቃብሩ ነው። የገረመኝ ነገር፣ ሴትዮዋ መጀመሪያ መንፈስ የሚባል ቃል አልተነፈሰችም። እ.ኤ.አ. በ1679 በሃይማኖት ጉዳይ በንጉሡ ላይ የተነሱ በመቶዎች የሚቆጠሩ እስረኞች ከመቃብሩ አጠገብ በሜዳ፣ በብርድ እንደታጎሩ ነገረችን። ምን እንደበሉ፣ ስንት ወር እንደቆዩ። ከዚያ ዞራ ያሳደዳቸው የንጉሡ ዐቃቤ ሕግ እዚያው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ መቀበሩን አሳየችን። በቃ፣ ፀጉሬ ቆመ። መንፈሱን ያመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። እውነት ለመናገር መንፈሱ ከታሪኩ ያነሰ ነበር። መጨረሻ ላይ ጭንብል ያጠለቀ ጓደኛዋ ከጨለማ ዘሎ አስደነገጠን፤ እሱ ደግሞ ሁሉም ጋ ያለ ነው፤ የጎንደሩ ዘበኛ ይሻላሉ።

አሁን ወደ ጅቡ። ጎንደርን ለዓለም በጅብ ያስተዋወቀው የዚሁ የስኮትላንድ ሰው ነው፤ ጀምስ ብሩስ። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ እስከሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ቆይቷል። ንጉሡ አምሽቶ ሲለቀው፣ ከቤተ መንግሥቱ እስከ ማደሪያው ያለችውን አጭር ሜዳ ሲያቋርጥ፣ የታጠቁ ሰዎች ከብበውት እንኳ ጅቦቹ እግሬን ይነክሱኛል ብሎ ይፈራ እንደነበር ጽፏል። ጅቡ የበዛው ደግሞ ለምን መሰላችሁ? በዚያ ዘመን በሞት የተቀጣ ሰው ብዙ ጊዜ አይቀበርም ነበር፤ አደባባይ ላይ ይጣላል። የብሩስ የአደን ውሾች ሁለት ጊዜ አምልጠው የሰው ጭንቅላትና ክንድ ይዘውበት ግቢው ገብተዋል። ይሄ ሁሉ የሆነው እናንተ ማኪያቶ የምትጠጡበት አካባቢ ነው። ልዕልት ምን ያደርጋል?

---

ማራኪ

ስደተኛው ልጄ፣ ዛሬ እራት አላስበላኸኝም።

---

ወለቃ በር

ሰላም። አንድ ነገር ልጨምር፤ ቅር አይበላችሁ። እዚያው ብሩስ የጻፈው ላይ፣ በጊዜው የጎንደር ሰው ጅቦቹን "ከተራራው የወረዱ ፈላሾች ናቸው፤ በአስማት ተለውጠው ነው" ብሎ ያምን እንደነበር አለ። ይሄ ተረት ሆኖ አልቀረም። ወለቃ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። አያቶቼ ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ነበሩ። ጀበናቸውን ገዝቶ ቡና የሚያፈላበት ሰው ማታ በራቸውን አያልፍም ነበር። "ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ" እየተባለ። ቤተ እስራኤሎቹ ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ ሄደዋል። ስሙ ግን እኛ ላይ ቀርቷል።

ስለዚህ የማታ ጉብኝቱ ይቀጥል፤ ደስ ይላል። ግን አስጎብኚው አንድ ቀን ጨዋታ ለማሳመር "ወለቃ የሚባል መንደር አለ..." ብሎ እንዳይጀምር። የጅብ ታሪክ የሰውን ልጅ ትምህርት ቤት ድረስ ተከትሎ ያስለቅሳል። እኔን አስለቅሶኛል።

---

የቀሃ ልጅ

ወለቃ በር፣ ልክ ነሽ። እውነቱን ለመናገር ልጁ ቅዳሜ ዕለት አንድ ሁለት ቃል ጣል አድርጎ ነበር። ሳቅን። አሁን ሳስበው አፈርኩ። ቁጥሩን ይዤዋለሁ፤ እነግረዋለሁ።

---

የአንበሳ ቤት

እኔም አስጎብኚ ነኝ፤ የምታወሩበት ልጅ ግን አይደለሁም። በቀን ነው የምሠራው። ትንሽ ለልጁ ጠበቃ ልሁን።

እናንተ ቁጭ ብላችሁ "እውነተኛው ታሪክ ይበልጣል" ትላላችሁ። እሺ። እኔ አንድ ጊዜ የአፄ ኢዮአስን አገዳደል ለአንድ ቤተሰብ እንዳለ ነገርኩ። ልጃቸው አለቀሰች፣ እናትየው ተቆጣችኝ፣ ጉርሻም አልነበረም። ሰው የሚፈልገው ትንሽ ደንግጦ ብዙ መሳቅ ነው። ደግሞ ደንበኛው ራሱ ነው "መንፈሱስ?" ብሎ የሚጠይቅ። "የለም" ስትለው ፊቱ ይጠቁራል። ጎብኚ በጠፋበት ዘመን አንድ ልጅ ጋዋኑን ለብሶ ሥራ ፈጥሮ ወጣ። እኛ ደግሞ የልዕልቷን የልደት ሰርተፊኬት አምጣ እንላለን።

ለልጁ የምመክረው የፈረሱን ታሪክ እንዲነግራቸው ነው። ከፋሲል መዋኛ አጠገብ ያለችውን ክብ ቤት የአፄ ፋሲል ፈረስ የዞብል መቃብር ናት ይላሉ። የሞተ ፈረስ ማንንም አያስቀይምም።

---

ፊደል ቆጣሪ

ፈተናው አለቀ፤ መጣሁ። በነገራችን ላይ ያቺ "መምህርት" እኔ ነኝ፤ ቅዳሜ ነበርኩ። የቀሃ ልጅ ከሙሽራዋ በላይ መጮኹን እመሰክራለሁ።

የአንበሳ ቤት፣ ሐሳብህ ይገባኛል። ግን ልጁ በእጁ ላይ ያለውን ነገር አላየውም ባይ ነኝ። እስቲ በአንድ አጥር ዙሪያ ብቻ የሆነውን እንቁጠር። አድያም ሰገድ ኢያሱ ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት በሕይወት እያሉ ነገሠባቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1706 ጣና ላይ ተገደሉ። ልጅየው ሁለት ዓመት አልቆየም፤ በ1708 አደን ላይ ሳለ ተወግቶ ሞተ። ያንን የሚያምር የዘፈን አዳራሽ ያሠሩት አፄ ዳዊት በ1721 ተመርዘው ሞቱ ይባላል። ቀጥለው የመጡት በካፋ ሰው አያምኑም ነበር፤ ራሳቸውን ለውጠው በየአገሩ እየዞሩ የሚወራባቸውን ይሰሙ ነበር። የበፊቶቹን አሟሟት ላየ ሰው ይሄ እብደት ነው?

የሁሉም መጨረሻ ግን 1769 ነው። የትግራይ ገዥ የነበሩት ራስ ሚካኤል ስሑል አፄ ኢዮአስን በጨርቅ አሳነቋቸው። በቦታቸው ከወህኒ አምባ አንድ ሽማግሌ አወረዱ፤ ዮሐንስ ሁለተኛ። ወህኒ አምባ ማለት ንጉሥ እንዳይሆኑ የሚፈሩ መሳፍንት ዕድሜ ልካቸውን የሚታሰሩበት ተራራ ነው፤ "ወህኒ ቤት" የምንለው ከዚያ የቀረ ነው። ሽማግሌው ከ70 ዓመት በላይ ናቸው፤ አንድ እጃቸው የተቆረጠ ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ የፈሩት ዙፋን በስተርጅና መጣባቸው። ኢዮአስ መገደላቸውን ሲሰሙ አለቀሱ፣ አልዘምትም አሉ። በዚያው ዓመት እሳቸውም ተመረዙ።

አሁን ይሄን ፊት በር ላይ፣ ፋኖሱን አጥፍተህ፣ ድምፅህን ሳትለውጥ ንገረኝ። መንፈስ አልጠይቅህም።

ከዚያ ደግሞ የቴዎድሮስ እሳት አለ፣ 1866። የድርቡሽ እሳት አለ፣ 1888። ለሁለተኛው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ንቦች አሉላችሁ፤ ከሱዳን የመጡትን ደርቡሾች ነድፈው መለሱ ይባላል። ፈረስም ንብም አለን፤ የአንበሳ ቤት ይደሰት።

---

ባታ

እኔ የምለው ሌላ ነው። ጎንደር ውስጥ መንፈስ ተጠርቶ የማያውቅ አስመሰላችሁት እኮ። ዛሩስ? አያቶቻችን ቤት ከበሮ እየተመታ፣ ቡና እየተፈላ፣ "ማን ነህ?" ሲባል ስሙን ይናገር የነበረው ምን ነበር? እ.ኤ.አ. በ1932 ሚሼል ሌሪስ የተባለ ፈረንሳያዊ ወራት ቁጭ ብሎ የጎንደርን ዛር ማስታወሻው ላይ አስፍሯል። የእነሱ ቡድን በዚያው ዓመት ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ጥንታዊውን ሥዕል ነቅሎ፣ በምትኩ ቅጂ አስቀምጦ ሄደ። ሥዕሉ ዛሬ ፓሪስ ሙዚየም ነው። የጠፋ የጎንደር መንፈስ ፍለጋ ከሆነ ጉብኝቱ ፓሪስም ቅርንጫፍ ሊከፍት ይገባል።

---

ደብተራው

ዛሩን ተወው ባታ። ስም ስትጠራ ይሰማል ይላሉ።

---

አራዳ ሰፈር

አሁን ግን "አይዞርም" ያለን እሱ አልነበረም?

---

ሚሚ ከአዘዞ

ታሪኩን ተዉትና ልሄድ ላሰብኩት ሰው ንገሩኝ። ጫማ ምን ይደረጋል? ከልጅ ጋር ይሆናል? መመለሻ አለ?

---

የቀሃ ልጅ

ሚሚ፣ ታኮ እንዳታደርጊ፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል። ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ ያዥ፤ ከ1 ሰዓት በኋላ ይበርዳል። ለመመለሻ ባጃጅ አስቀድመሽ አነጋግሪ፤ ካለቀ በኋላ ፍለጋ መውጣት ዋጋውን ያንረዋል፣ እሱም ከተገኘ ነው። ከአሥር ዓመት በታች ልጅ ባይሄድ ይሻላል። ውሾቹ ይጮኻሉ እንጂ አይነኩም። ዘበኛውን ስታዪ ሰላም በያቸው።

---

የቀሃ ልጅ

እንግዲህ የቀረውን ልጻፍና ልተኛ።

ፊደል ቆጣሪ የጻፈችውን ካነበብኩ በኋላ አላስቀመጠኝም። ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ በጠዋት ቁስቋም ወጣሁ። በልጅነቴ በበዓል ነበር የምሄደው፤ ከሕዝብ ጋር ተጋፍቼ፣ ዳቦ በልቼ እመለሳለሁ። ብቻዬን ሄጄ አላውቅም። የአፄ በካፋ ባለቤት እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ግንብ ጣሪያ የለውም። ግድግዳው ላይ በቀይ ድንጋይ የተቀረጹት መስቀሎች ግን እንዳሉ ናቸው። ጠዋት ፀሐይዋ ስትመታቸው ገና ትናንት የተሠሩ ይመስላሉ።

አንድ አባት ቁልፍ ይዘው መጡ። ዝቅ ብለን ገባን። ጧፍ ለኮሱ። ሣጥኑ ትንሽ ነው፣ በመስታወት። እኔ ትልቅ ነገር ጠብቄ ነበር። ውስጡ የሦስት ሰው አጽም ነው፦ የእቴጌይቱ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱ፣ የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ። የታነቁት ኢዮአስ ማለት ነው። እቴጌይቱ ልጃቸውን እ.ኤ.አ. በ1755 ቀበሩ፣ የልጅ ልጃቸው በ1769 ተገደለባቸው፣ እሳቸው እስከ 1773 ኖሩ። ሦስቱ አሁን አንድ ሣጥን ውስጥ ናቸው። አባ ጧፉን ወደ መስታወቱ አስጠጉና "እናት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ" አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። መስታወቱ ላይ የራሴ ፊት ነበር የሚታየኝ። ቶሎ ወጣሁ።

ከዚያ ለልጁ ደወልኩለት። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። የወለቃውን ነገር ስነግረው ዝም አለና "እሱን አወጣዋለሁ ጋሼ፤ አላሰብኩበትም ነበር" አለኝ። (ጋሼ ማለቱ ገደለኝ፤ ገና 34 ነኝ።) የኢዮአስንና የሽማግሌውን ታሪክ በድምፅ ቀርጬ ላክሁለት፤ ሁለት ጊዜ አዳምጦ መልሶ ደወለ፤ የተቆረጠው እጅ የቀኙ ነው የግራው ብሎ ጠየቀኝ። ልዕልቷን ግን አልለቅም ብሏል። "ሙሽሮች ይወዷታል፤ ግንበኛውን ጎንደሬ አደርገዋለሁ" አለኝ። ምን ልበለው?

የጋሼ ማራኪንም ነገር ነገርኩት። ቀትር ላይ ቢሆን ይሻላል ይሉሃል ስለው "በዚያ ፀሐይ ጋዋን ለብሼ? መንፈሱ እኔ ልሆን ነዋ" ብሎ ሳቀ።

---

ፊደል ቆጣሪ

የቀሃ ልጅ፣ ጥሩ አደረግክ። ዘበኛውስ? ለሚቀጥለው ቅዳሜ ስምንት ተማሪ ይዤ ልሄድ ነው፤ ይኖራሉ?

---

የቀሃ ልጅ

ይኖራሉ። ልጁ እንዳለኝ ከሆነ ድርሻዬን ስጠኝ ብለውታል። ካልተከፈለኝ ጋቢዬን ተከናንቤ ቀና አልልም ብለዋል አሉ።